ሐውልት ወይስ የትምህርት ዕድል?

ጥያቄ፦ ላፍቶ ያለው ማኅበራችን በአንድ አንጋፋ ድምፃዊ ስም ለወጣት ሙዚቀኞች የትምህርት ዕድል ሊያቋቁም አስቧል። ሐውልት ይሻላል የሚሉም አሉ። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ የትምህርት ዕድሉን። የፒያኖ ተጫዋቿ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በወጣትነታቸው ለንደን ሄደው ሙዚቃ የመማር ዕድል አግኝተው ነበር፤ ፈቃድ ተነፍገው ቀሩ። ተሰጥኦ በር ካልተከፈተለት የት እንደሚቆም ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። እርሳቸው ግን ጀርመን የታተመውን የመጀመሪያ ሸክላቸውን ገቢ ለወላጅ አልባ ሕፃናት አዋሉት። ዛሬ በስማቸው የተቋቋመው ፋውንዴሽንም የልጆችን የሙዚቃ ትምህርት ይደግፋል።

ሐውልት ዘላቂ ነው የሚሉት ግማሽ እውነት አላቸው፤ የትምህርት ዕድሉ ገንዘብ በአንድ ዓመት ከተበተነ የድምፃዊው ስምም አብሮ ይረሳል። ስለዚህ ዋናውን ገንዘብ ሳትነኩ በወለዱ አስተምሩ፤ የዋጋ ንረቱ እንዳይበላው በየዓመቱ በሙዚቃ ዝግጅት አሳድጉት። ክፍያው በቀጥታ ለመምህሩ ይሁን። መሣሪያውን በማኅበሩ ስም ገዝታችሁ አውሱ። ከሁሉ በፊት ግን የድምፃዊውን ቤተሰብ ስምምነት በጽሑፍ ያዙ።