ሌዘሩ ይቆየንና

ያን የሌዘር ሕክምና ማስታወቂያ ዝጊውና እስቲ ስሚኝ። «ያለ ቢላ፣ ያለ ሕመም» ይላል አይደል? አዲስ አበባ ያስተከልሽው ጥርስ ሲደማ ሰንብቷል፤ ስላላመመሽ ግን ንቀሽዋል። ኢምፕላንት እንደ ራስሽ ጥርስ ከአጥንቱ ጋር የሚያያይዘው ጅማት የለውም፤ ቲታኒየሙ በቀጥታ አጥንቱ ላይ ነው የያዘው። ስለዚህ አጥንቱ ከሥር እየተበላ እንኳ ላይሰማሽ ይችላል። ኢምፕላንቱ ራሱ ከተነቃነቀ አብዛኛውን ጊዜ መንቀል ነው የሚቀረው። (ላዩ ላይ ያለው ጥርስ ብሎኑ ላልቶ ከሆነ ግን ሌላ ነው፤ እሱ ይጠብቃል።)

ሐኪሟ ጋ ስትገቢ «ሌዘር አላችሁ ወይ?» ብለሽ አትጀምሪ። «አጥንቴ ምን ያህል ወርዷል?» በያት። የተቆጣው ድዱ ብቻ ከሆነ፣ በደንብ ተጸድቶ አንቺም ቤት ከተንከባከብሽው ይድናል። አጥንቱ ከወረደ ግን ቆሻሻው የኢምፕላንቱ ብሎን ጥርሶች መሀል ገብቷል ማለት ነው፤ እዚያ ለመድረስ ድዱን መክፈት ሊያስፈልግ ይችላል። ጥርሱ በሲሚንቶ ተጣብቆ ከሆነም፣ ድድ ሥር የቀረ ትርፍራፊ እንዳለ ትይልሽ።

ሌዘር ጠልቼ አይደለም። ኤርቢየም ያግ የሚሉት ጨረሩን ውሃ ስለሚመጠው፣ ውሃ እየተረጨበት ቆሻሻውን ከብረቱ ላይ ያነሳል። ኤንዲ ያግ የሚባለው ደግሞ ብረቱ ላይ ካረፈ ገጹን ሊያቀልጠው ይችላል። ሙቀቱን ደግሞ አትናቂው፦ 47 ዲግሪ ሴልሺየስ ለአንድ ደቂቃ ከቆየበት አጥንት እንደሚጎዳ ስዊድናውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1983 አሳይተዋል። እና የትኛው ሌዘር እንደሆነ፣ በምን እንደሚቀዘቅዝ ጠይቂ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የአውሮፓ የፔሪዮዶንቶሎጂ ፌዴሬሽን መመሪያም ሌዘርን ለኢምፕላንት ዙሪያ በሽታ መደበኛ ሕክምና አድርጎ አይመክርም። ተጨማሪ ክፍያ ካሉሽ፣ ከተለመደው ማጽዳት በላይ ምን እንደሚጨምርልሽ ያስረዱሽ። «ዘመናዊ ነው» መልስ አይደለም።

ስለ ሺሻው ዛሬ አልናገርም፤ ይህን በሽታ እንደሚያባብስ ራስሽ ታውቂዋለሽ። የስኳር ምርመራሽን ግን አስቀድመሽ አድርጊ፤ ስኳርም ያባብሰዋል፣ እናታችንም ያለባት ነገር ነው።

ትልቁ ሥራ የሚቀረው አዲስ አበባ ነው። እዚህ ሜሪላንድ ያለችው ሐኪም ዛሬ የምታነሳውን ራጅ ከምን ጋር ታወዳድረው? ጥርሱ በተገጠመ ጊዜ የተነሳው ከሌላት አጥንቱ ስንት እንደወረደ በግምት ነው የምትነግርሽ። የኢምፕላንቱን ስሪትና መጠንም ማወቅ አለባት፤ የአንዱ ፋብሪካ መፍቻ ለሌላው ብሎን ላይሆን ይችላል፤ ላዩን ሳትፈታው ደግሞ ዙሪያውን በደንብ ማጽዳት ያስቸግራል። ስለዚህ እዚህ ቀጠሮ ከመያዝሽ በፊት ለአዲስ አበባው ክሊኒክ በቴሌግራም ጻፊላቸው፦ የድሮውን ራጅ፣ ኢምፕላንቱ የመጣበት ካርቶን ላይ ያለውን ተለጣፊ ወረቀት ፎቶ፣ የተተከለበትን ቀን። ካልመለሱ እዚያው ሰፈር ያለ የምታውቂው ሰው ሄዶ ይቀበልልሽ።