«ዕድሜ ነው» አይበሉ

አክስቴ 63 ዓመታቸው ነው። ባለፈው ዓመት ለጉልበታቸው ማስታገሻ ሊገዙ ሰፈራችን ካለው መድኃኒት ቤት ጎራ ሲሉ፣ ልጅቷ «እማማ፣ እስቲ ግፊትዎን ልለካዎት» ብላ አስቀመጠቻቸው። 158 በ94 ወጣ። ቁጥሩ የተጻፈባትን ቁራጭ ወረቀት በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጡና ገና ሳይቀመጡ «ምን ይደረጋል ልጄ፣ ዕድሜ ነው» አሉኝ።

ይህችን ቃል ያልሰማሁበት ቤት የለም። ጉልበት ሲያም ዕድሜ ነው፤ ዓይን ሲደክም ዕድሜ ነው፤ ግፊት ሲወጣም ዕድሜ ነው። በጉልበቱና በዓይኑ አልከራከርም። በግፊቱ ግን እከራከራለሁ፤ ምክንያቱም ይህች ቃል ስንቱን ሰው ገና ሊሠራው የሚችለውን ነገር ሳይጀምር እጁን አጣጥፎ እንዲቀመጥ አድርጋለች።

እ.ኤ.አ. በ1988 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት በ32 አገሮች ከ10,000 በላይ ሰዎችን ለክቶ ነበር። ከእነዚህ መካከል በብራዚል አማዞን ደን የሚኖሩት ያኖማሚዎች ይገኙበታል። በምግባቸው ላይ ጨው አይጨምሩም። አማካይ ግፊታቸው 96 በ61 ገደማ ሲሆን፣ የሽማግሌዎቻቸውም ከወጣቶቻቸው ብዙ አይለይም። አማዞን ሩቅ ነው የሚል ካለ ጎረቤታችንን ኬንያን ይመልከት። ከገጠር ተነሥተው ናይሮቢ የገቡ የሉዎ ተወላጆች በተጠኑ ጊዜ፣ ግፊታቸው ከተማ በገቡ በጥቂት ወራት ውስጥ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። በጥቂት ወር ማን ያረጃል? የተለወጠው ማዕዳቸውና ኑሯቸው ነው፤ ጨው በዝቶ፣ ከአትክልትና ከፍራፍሬ የሚገኘው ፖታሲየም አንሶ ነበር።

ዕድሜ የራሱ ድርሻ እንዳለው አልክድም። የደም ሥር ግድግዳ በወጣትነት ልብ ስትመታ ለጠጥ፣ ስታርፍ ሰብሰብ ይላል። ዓመታት ሲጨመሩ እንደ አሮጌ ጎማ ይደርቅና አልለጠጥ ይላል፤ የላይኛው ቁጥር ሽቅብ የሚወጣውም ለዚህ ነው። ነገር ግን ያን ጎማ ቶሎ የሚያደርቁት፣ በውስጡም የሚያልፈውን ኃይል የሚጨምሩት ነገሮች በየቀኑ በእጃችን የሚያልፉ ናቸው። ለእኔ ይህ ትልቅ የምሥራች ነው!

ከሁሉ በፊት ወደ ማጀት እንግባ። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ» እንላለን። ጨው ከአፋር ሜዳ ተፈልጦ፣ በግመል ተጭኖ፣ አሞሌ ሆኖ እንደ ብር ሲያገበያየን ኖሯል። ገንዘብ በነበረበት ዘመን በእፍኝ እየዘገነ ወጥ ውስጥ የሚበትነው ነበር ብዬ አላምንም። ዛሬ ረክሷል፤ እጃችንም ለቅቆታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይበቃል ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ልክ መሆኑ ነው፤ ያውም የሙሉ ቀን።

አንድ ቅዳሜ ከአክስቴ ጋር ተቀምጠን ሒሳቡን ሠራን። እርስዎም ዛሬውኑ ይሞክሩት። ቤታቸው አራት ሰው ይበላል። አራት ጊዜ 5 ግራም በቀን 20 ግራም ነው። አንድ ኪሎ ጨው እንግዲህ ቢያንስ 50 ቀን ሊቆይ ይገባዋል። «ስንት ቀን ይቆይልዎታል እትዬ?» አልኳቸው። ጣሪያውን ዐይተው አሰቡና «ኧረ ወርም አይደፍን» አሉ። ዳቦው ውስጥ ያለውን ገና አልቆጠርንም። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል፤ ምጥን ሽሮውም እንዲሁ። ወጡ ሲሠራ ሌላ ይጨመራል፤ ሲቀመስ «ጨው አነሰው» ተብሎ ይደገማል፤ ሰላጣው ላይ ደግሞ ይነሰነሳል። በዚህ ላይ ከሱቅ የሚመጣው የሾርባ ኩብ አለ፤ እሱ አብዛኛው ጨው ነው።

አክስቴ በአንድ ጀንበር አልለወጡትም፤ እኔም አልመክርም። የሚቀጥለው በርበሬ ሲዘጋጅ ጨው እንዳይገባበት አደረጉ። ኩቡን ተዉት። ወጡ ላይ የሚጨምሩትን በየሳምንቱ ቆንጠር እያደረጉ ቀነሱ፤ በምትኩ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉን፣ ኮረሪማውንና በሶብላውን ከፍ አደረጉ፤ ሰላጣው በሎሚ ሆነ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቤቱ አጉረመረመ። ምላስ ግን ይለምዳል፤ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ይስጡት። አሁን የድግስ ቤት ወጥ ሲቀምሱ «ጨው ደፍተውበታል» የሚሉት እሳቸው ናቸው። የቀረችው ትንሽ ጨው ግን አዮዲን ያላት ትሁን።

ስለ አትክልቱ ብዙ መስበክ አያስፈልገኝም፤ ጎመኑ፣ ምስሩ፣ ባቄላው፣ ድንቹ የጾማችን ማዕድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 አሜሪካ ውስጥ በታተመ ጥናት፣ አትክልት፣ ፍራፍሬና ቅባቱ የቀነሰ ወተት የበዛበት አመጋገብ የግፊት ሕመም ያለባቸውን ሰዎች የላይኛውን ቁጥር በአማካይ በ11 ያህል አውርዶላቸዋል፤ ለውጡ መታየት የጀመረው በሁለት ሳምንት ውስጥ ነው። ሁለት ሳምንት! ኩላሊት የታመመ ሰው ብቻ ሙዝና አቮካዶ ከማብዛቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

ከዚያ ጫማዎን ይፈልጉ። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ ማለት በአምስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት። ፍጥነቱ እያወሩ መሄድ የሚችሉበት፣ ለመዝፈን ግን ትንፋሽ የሚያጥርበት ይሁን። ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሞ መውረድ ጥሩ ጅማሬ ነው። ከመጠን ያለፈ ክብደት ላለው ደግሞ የሚቀንሳት እያንዳንዷ ኪሎ ግፊቱን በአንድ ነጥብ ገደማ ታወርድለታለች።

ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው ጉዳይ አለ። አክስቴ መድኃኒት ቤት የሄዱት ለጉልበታቸው ዲክሎፌናክ ሊገዙ ነበር። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ራሳቸው ግፊት ይጨምራሉ፤ የግፊት ክኒንንም ያዳክማሉ። እንደ ከረሜላ በየቀኑ የሚውጣቸው ስንት አዛውንት አለ! የሚያምዎት ከሆነ ሐኪምዎ ሌላ መላ ይፈልግልዎ። መጠጥና ጫትም ግፊት እንደሚያወጡ ያውቁታል፤ አልደግመውም። ሌሊት በኃይል የሚያንኮራፋና ትንፋሹ ቆም ቆም የሚልበት ሰውም ይህንኑ ለሐኪም ይንገር፤ ከግፊት ጋር የተያያዘ ሕመም ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ የምወደው ጥናት ግን የመነኮሳይያቱ ነው። ጣሊያን ውስጥ ኡምብሪያ በተባለ ክፍለ ሀገር 144 መነኮሳይያት ለአሥርት ዓመታት ክትትል ተደረገላቸው፤ አጠገባቸው ዓለማዊ ኑሮ የሚኖሩ ሴቶችም እንዲሁ። የሁለቱ ወገን የጨው መጠን ያን ያህል አይለያይም ነበር። የውጪዎቹ ሴቶች ግፊት ከዓመት ዓመት ሲወጣ፣ የመነኮሳይያቱ ባለበት ረጋ። ጸጥታ፣ ጸሎት፣ ሥርዓት ያለው ቀን ነበራቸው። ሁላችንም አንመነኩስም። ነገር ግን ማለዳ ስልክ ከመነካቱ፣ ሬዲዮ ከመከፈቱ በፊት ለጸሎት ወይም ለዝምታ ሩብ ሰዓት መለየት የማንንም ደጅ አያስጠናም።

አሁን በጣም አጥብቄ የምናገረው ነገር አለ። ይህ ሁሉ ክኒን ለመጣል አይደለም። አክስቴ ጤና ጣቢያ ሄደው በተለያየ ቀን ተለክተው ክኒን ታዘዘላቸው፤ እስከ ዛሬ ይወስዳሉ። የላይኛውን ቁጥር በ10 ማውረድ የስትሮክን አደጋ ከሩብ በላይ ይቀንሳል፤ በምግብም ይውረድ በክኒን፣ ዋናው መውረዱ ነው። ነጭ ሽንኩርትም ሺፈራውም ይብሉ፤ ግን በክኒኑ ቦታ አያስቀምጧቸው። «ደህና ነኝ» ብለው አያቋርጡ፤ ደህና የሆኑት ስለሚወስዱት ሊሆን ይችላል። በጾም ወራት ሰዓቱ ካስቸገረዎት ከሐኪምዎና ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩበት። ግፊት ሳያም የሚጎዳ ስለሆነ በዓለም ላይ ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ አያውቁትም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ሳይለካ የቀረም እንደ ደበቀ ነው።

ልጆቻቸው አዋጥተው ለአክስቴ መለኪያ ገዙላቸው። ባለፈው ሳምንት 132 በ82 ነበር፤ ደብተራቸው ላይ በራሳቸው እጅ ጽፈውታል። አሁን በየወሩ አንድ ቅዳሜ ጎረቤቶቻቸው ለቡና ሲመጡ ከረከቦቱ በፊት መለኪያው ይቀርባል። ቡና ከተጠጣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መለካት ቁጥሩን ያዛባል፤ ስለዚህ ቡናው ይጠብቃል። ተለኪዋ ጀርባዋን ደገፍ አድርጋ፣ እግሯን ሳታጣምር፣ ክንዷን በልቧ ትክክል ጠረጴዛ ላይ አሳርፋ አምስት ደቂቃ ትቀመጣለች። እየተለኩ ማውራት ክልክል ነው። ያ ቤት ቅዳሜ ከሰዓት ለአፍታ ጸጥ ብሎ አያውቅም ነበር፤ አሁን ሰባት ሴቶች አፋቸውን ይዘው የመለኪያውን ድምፅ ያዳምጣሉ። ቁጥሩ ሲወጣ አክስቴ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ያነባሉ፣ ይጽፋሉ፣ ከዚያም «ቀጥሎ ማን ናት?» ይላሉ።