ትልልቅ የየብስ ቀንድ አውጣዎች፦ መደበኛ እንቅስቃሴያቸውን ማወቅና በወቅቱ መቆጣጠር

ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

1. መግቢያ

ቀንድ አውጣ ስሙን ያገኘው ከሥራው ነው። ቀንዱን አውጥቶ ሲሄድ እናየዋለን፤ ቀንዱን ካላወጣ ግን “የለም” ወይም “ሞቷል” እንላለን። ስሕተቱ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

እኛም በዚህ ተሳስተናል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በጥር ወር፣ ከሴቻ ወጣ ብሎ በሚገኝ የአንድ ማኅበር የችግኝ ቦታ ተገኝተን ነበር። አባላቱ ባለፈው ዓመት የጎመንና የፓፓያ ችግኛቸው በቀንድ አውጣ ስለተበላባቸው፣ አዲስ መደብ ከማዘጋጀታቸው በፊት ቦታው እንዲታይላቸው ጠይቀው ነበር። ጉዝጓዙን ገለጥ አድርገን ስናይ የማይንቀሳቀሱ፣ አፋቸው የተዘጋ ዛጎሎች አገኘን። “እነዚህ የሞቱ ናቸው፤ ቦታው ንጹሕ ነው” ብለን ተመለስን። ዝናቡ ከጣለ ከጥቂት ሌሊቶች በኋላ ግን ከችግኙ የቀረው ግንዱ ብቻ ነበር። ማኅበሩ የዘር ገንዘቡንና የአንድ ወር ድካሙን አጣ። ሞቱ ያልናቸው ተኝተው ነበር።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የልማት ሠራተኛው ተመሳሳይ ስሕተት እንዳይሠራ፣ ቀንድ አውጣ መቼ እንደሚነቃ፣ መቼ እንደሚተኛና ይህን ማወቅ ለቁጥጥር ሥራ ምን እንደሚጠቅም ማስረዳት ነው።

2. የቀንድ አውጣ ጠባይ በአጭሩ

ትልልቅ የየብስ ቀንድ አውጣዎች አካቲኒዴ ከተባለው ቤተሰብ የሚመደቡ ሲሆን መነሻቸው አፍሪካ ነው። በአገራችን የሚታወቁት ሊሚኮላሪያ የተባሉት ሹል ዛጎል ያላቸው ዝርያዎች የዚሁ ቤተሰብ አባላት ናቸው። ከዚህ ቤተሰብ በዓለም ላይ በብዛት የተጠናው ሊሳካቲና ፉሊካ የተባለው የምሥራቅ አፍሪካ ትልቁ ቀንድ አውጣ ነው። ዛጎሉ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ከዚህ በታች የሚሰጡት ቁጥሮች ከዚሁ ዝርያ የተወሰዱ ስለሆኑ ለአነስተኞቹ ዘመዶቹ እንደ መነሻ ብቻ ይታዩ።

እያንዳንዱ ቀንድ አውጣ የወንድም የሴትም አካል ስላለው፣ ከተገናኙ በኋላ ሁለቱም እንቁላል ሊጥሉ ይችላሉ። በአንድ ጊዜ የሚጣለው እንቁላል ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 400 ይደርሳል። እንቁላሉ ነጣ ወይም ቢጫ ያለ፣ ከአተር ፍሬ አነስ የሚል ሆኖ በእርጥብ አፈር ውስጥ በክምር ይቀመጣል፤ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜም ይፈለፈላል። ትልልቆቹ ከ5 ዓመት በላይ ሊኖሩ ይችላሉ። ስለዚህ በአንድ በጋ አልፈዋል ተብለው የተተዉ ጥቂት ቀንድ አውጣዎች ለቀጣዩ ወቅት ብዙ መቶ ልጆች ያተርፋሉ።

3. የዕለት እንቅስቃሴ

የቀንድ አውጣ እንቅስቃሴ የሚወሰነው በዋነኛነት በውሃ ነው። ቆዳው እርጥበት አይቋጥርም፤ የሚሄድበት ዝልግልግ ፈሳሽም አብዛኛው ውሃ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ጉዞ ውሃ ያስወጣዋል። ፀሐይና ነፋስ ባለበት ቢወጣ የሚያገኘው ምግብ የሚያጣውን ውሃ አይተካለትም። ከዚህ የተነሣ ጤነኛ ቀንድ አውጣ፦

ሀ. ቀን በጉዝጓዝ፣ በድንጋይ፣ በሙዝ ጉቶ ወይም በአፈር ውስጥ ተደብቆ ይውላል፤
ለ. ምሽት ላይ ሙቀቱ ሲበርድና ጤዛ ሲጀምር ወጥቶ ሌሊቱን ይመገባል፤
ሐ. ጎሕ ሲቀድ ወደ መጠለያው ይመለሳል፤ ብዙ ጊዜም ቀድሞ ወደ ነበረበት ቦታ ነው፤
መ. ዝናብ በሚዘንብበት ወይም ደመና በከበደበት ቀን በብርሃንም ሊወጣ ይችላል።

እንግዲህ ቀን 6 ሰዓት ላይ ማሳ ጎብኝቶ “ቀንድ አውጣ አላየሁም” ብሎ ሪፖርት ማድረግ ምንም ማስረጃ አይሆንም። ምርመራ የሚደረገው ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ በባትሪ መብራት ወይም ጧት ፀሐይ ሳትወጣ ነው። በቅጠል ላይ የሚያብረቀርቅ የደረቀ የፈሳሽ ዱካ፣ ጠርዙ ያልተስተካከለ ቀዳዳና ጥቁር ኩስ ከታየ እንስሳው ባይታይም መኖሩ የተረጋገጠ ነው።

4. የወቅት እንቅስቃሴ በአርባ ምንጭ አካባቢ

በአርባ ምንጭ ቆላማ ቦታዎች ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሁለተኛው ከመስከረም እስከ ኅዳር ይጥላል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ደረቅ ሲሆን የቀኑ ሙቀት ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሚወጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ትልቁ ቀንድ አውጣ ሥራውን በደንብ የሚሠራው በ9 እና በ29 ዲግሪ መካከል ባለው ሙቀት ነው። ከዚህ ሲያልፍና አየሩ ሲደርቅ ወደ ዛጎሉ ገብቶ አፉን በደረቀ ዝልግልግና ኖራ በተቀላቀለበት ስስ ክዳን ይዘጋል። ይህ የበጋ እንቅልፍ ይባላል። በዚህ ሁኔታ ሳይበላና ሳይጠጣ ለብዙ ወራት ሊቆይ ይችላል። በጨንቻ ደጋ እንዳለው ያለ ብርድም እንቅስቃሴውን ይቀንሰዋል።

የልማት ሠራተኛው በተለይ ሊያስተውለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። የበጋ እንቅልፍን የሚወስነው የማሳው እርጥበት እንጂ የወሩ ስም አይደለም። ከሴቻ በላይ ዝናብ ብቻ በሚጠብቅ ጓሮ ቀንድ አውጣ በጥር ተዘግቶ ይተኛል። በዚያው ጥር፣ የሐሬ ወንዝ መስኖ በሚደርሳቸው በጫኖና በቆላ ሻራ የሙዝ ማሳዎች ግን ጥላውና እርጥብ ጉዝጓዙ ስላለ ሳይተኛ ሊመገብና እንቁላል ሊጥል ይችላል። ስለዚህ በአንድ ወረዳ ውስጥ እንኳ ለሁሉም ቀበሌ አንድ ዓይነት የሥራ ቀን መቁረጥ አይገባም።

5. ተኝቷል፣ ሞቷል ወይስ ታሟል?

የማይንቀሳቀስ ቀንድ አውጣ ሲገኝ በሚከተሉት ምልክቶች ይለያል።

የተኛ፦ ክብደት አለው። አፉ በስስ ክዳን ተዘግቷል። ሽታ የለውም። በጥላ ሥር በእርጥብ ጨርቅ ላይ ቢቀመጥ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ክዳኑን ገፍቶ ይወጣል።

የሞተ፦ ባዶው ቀላል ነው። ሥጋው ያለበት ከሆነ ይገማል፤ ሲነካም አይሰበሰብም።

የታመመ ወይም የተጎዳ፦ ሥጋው ከዛጎሉ ውጭ ተንጠልጥሎ ሲነካ በዝግታ ብቻ ይሰበሰባል ወይም አይሰበሰብም፤ እርጥበት እያገኘም አይመገብም።

ከሁሉ ይልቅ መታወስ ያለበት፣ ክዳን ያለው ዛጎል እንደ ሕያው መቆጠር እንዳለበት ነው። ጥርጣሬ ካለ የእርጥብ ጨርቁ ፈተና ሳይደረግ “ማሳው ንጹሕ ነው” አይባል።

6. የማስተያ ሣጥን

ገበሬው በቃል ከሚነገረው ይልቅ በዓይኑ ያየውን ያምናል። ስለዚህ በአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከል ወይም በማኅበሩ ግቢ ሁለት ሣጥን ማዘጋጀት ጠቃሚ ነው። እያንዳንዱ 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 40 ወርድና 30 ከፍታ ያለው ሆኖ በወንፊት ሽቦ በደንብ የሚከደን ይሁን። ከሥሩ 10 ሳንቲ ሜትር ለስላሳ አፈር ይደረግበታል። ከዚያው ማሳ የተለቀሙ 5 ወይም 6 ቀንድ አውጣዎች ይገባሉ። ለምግብ የጎመን፣ የስኳር ድንች ወይም የሽፈራው (ሀለኮ) ቅጠል፣ ለዛጎላቸው ማጠንከሪያም የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ይሰጣል። የአንዱ ሣጥን አፈር በየምሽቱ ውሃ ይረጫል፤ ጭቃ ግን አይሁን። ሌላው ይደርቅ።

በየቀኑ 3 ጊዜ፣ ማለትም ጧት 12 ሰዓት፣ ቀን 6 ሰዓትና ምሽት 2 ሰዓት፣ ስንቱ እንደወጣና ስንቱ እንደተሰበሰበ ይመዝገብ። የሚከተሉት በሣጥን ውስጥ መደበኛ ናቸው፦ ቀን መተኛት፤ በክዳኑ ወይም በግድግዳው ላይ ተጣብቆ መዋል፤ ከተለቀሙ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቀናት ተሰብስቦ መቆየት፤ ወጣቶቹ ከትልልቆቹ ይበልጥ መሄድና መብላት። አንዱ በአፈር ውስጥ ተቀብሮ ቢቆይ እንቁላል እየጣለ ሊሆን ስለሚችል አፈሩ ይፈተሽ። ሁሉም ከአፈሩ ሸሽተው ቀንም ሌሊትም ክዳኑ ላይ ቢሰበሰቡ ግን አፈሩ ውሃ ቋጥሯል ወይም ቆሽሿል ማለት ስለሆነ ይለወጥ።

በደረቁ ሣጥን ያሉት በጥቂት ቀናት ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ሲዘጉ፣ የማኅበሩ አባላት በተሰበሰቡበት ምሽት ውሃ ይረጭላቸው። ጧት ተመልሰው ሲያዩ “የሞቱት” ሲሄዱ ያገኟቸዋል። ይህ ከብዙ ንግግር ይበልጣል።

7. እንቅስቃሴውን አውቆ መቆጣጠር

ሀ. በደረቁ ወራት፦ የተኙት በጥቂት ቦታ ተከማችተው ይገኛሉ። የድንጋይ ካብ ሥር፣ የቦይ ዳርቻ፣ የበሰበሰ የሙዝ ግንድና የቆየ ጉዝጓዝ ተፈትሾ ይለቀሙ። ሳይሄዱና ሳይበሉ የሚገኙበት ጊዜ ስለሆነ ሥራው ቀላል ነው።

ለ. ዝናቡ እንደጣለ፦ የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ወሳኝ ናቸው። ነቅተው ይመገባሉ፤ ይገናኛሉ፤ ቀጥሎም እንቁላል ይጥላሉ። የማኅበሩ አባላት ተራ ገብተው ምሽት ከ2 ሰዓት ጀምሮ በባትሪ ይልቀሙ። ሥራው በጎረቤት ማሳዎች በአንድነት ካልተሠራ ውጤቱ አነስተኛ ነው።

ሐ. ወጥመድ፦ እርጥብ ጆንያ ወይም ጣውላ ከሥሩ የፓፓያ ልጣጭ ተደርጎ ማታ ይዘርጋ፤ ጧት ተገልጦ ይለቀም።

መ. የተለቀሙት በፈላ ውሃ ተገድለው ወይም ተቀጥቅጠው በጥልቅ ይቀበሩ። የተገኘው እንቁላልም ይጨፍለቅ። ጨው በማሳ ላይ መበተን አፈሩን ስለሚያበላሽ አይፈቀድ። አመድ የሚያገለግለው ደረቅ እስከሆነ ድረስ ብቻ ነው።

ሠ. ሜታልዲሃይድ ያለበት መርዛማ ምግብ ለመጠቀም ከተወሰነ፣ እንቅስቃሴ በሌለበት ደረቅ ጊዜ መበተን ገንዘብ ማባከን ነው። አፈሩ እርጥብ በሆነበትና ከባድ ዝናብ በማይጠበቅበት ምሽት ይደረግ። ውሻና ዶሮን ስለሚገድል በመለያው ላይ የተጻፈው መመሪያ ይጠበቅ።

ረ. የሙዝ ቡቃያ ከቀበሌ ወደ ቀበሌ ከመጓዙ በፊት አፈሩ ተራግፎ ይታጠብ፤ የተኛ ቀንድ አውጣና እንቁላል የሚጓዙት ከአፈሩ ጋር ነው።

8. ጥንቃቄ

ቀንድ አውጣ የአይጥ ሳንባ ትል የተባለውን ለሰው አንጎል አደገኛ የሆነ ጥገኛ ትል ሊያስተላልፍ ስለሚችል በባዶ እጅ አይያዝ። የእጅ ጓንት ወይም ላስቲክ ይጠቀሙ፤ እጅም በሳሙና ይታጠብ። ልጆች በሣጥኑ እንዳይጫወቱ ይከልከሉ።

ለማስተያ የሚሆነው ከዚያው ማሳ ይለቀም እንጂ ከሌላ አገር ወይም ቀበሌ አይምጣ። እ.ኤ.አ. በ1966 አንድ ልጅ ከሃዋይ ወደ አሜሪካዋ ማያሚ ከተማ 3 ቀንድ አውጣዎች ለመጫወቻ ይዞ ሄደ፤ በኋላም በአትክልት ቦታ ተለቀቁ። የእነዚህ ሦስት ቀንድ አውጣዎች ዘር ጨርሶ ጠፋ የተባለው በ1975 ሲሆን፣ ሥራው ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጪ ጠይቋል። ስለዚህ ማሳየቱ ሲያበቃ በሣጥኑ ያሉት ሁሉ ይወገዱ፤ አፈሩም የፈላ ውሃ ይፍሰስበት።

9. ማጠቃለያ

ቀንድ አውጣ ጸጥ ማለቱ መጥፋቱ አይደለም። በቀን ጸጥታው ዕረፍት፣ በበጋ ጸጥታው እንቅልፍ ነው። የልማት ሠራተኛው ይህን ከተገነዘበ ምርመራውን በሌሊት ያደርጋል፣ ለቀማውን በደረቁ ወራትና በመጀመሪያው ዝናብ ያደራጃል፣ የዝናብና የመስኖ ማሳዎችንም ለይቶ ያያል። ማኅበራትም አዲስ የችግኝ መደብ ከማዘጋጀታቸው በፊት በማሳው የተገኙትን ዝግ ዛጎሎች በእርጥብ ጨርቅ ይፈትኑ። የአንድ ሌሊት ፈተና የአንድ ወር ችግኝ ያድናል።