ከእኛም የተደበቀው እኛነታችን

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

 

ዛሬ በአንድ ጥያቄ እንጀምር። የዛሬ የሱብሒን ሱና ስትሰግዱ፣ በሁለተኛው ረከዓ ከፋቲሓ ቀጥላችሁ የትኛውን ሱራ ነበር የቀራችሁት?

ብዙዎቻችን አናስታውስም። ምላሳችን ቀርቷል፤ ወገባችን ለሩኩዕ ጎንበስ ብሏል፤ ግንባራችን ሱጁድ ወርዷል። እኛ ግን ስለ ፈተናው፣ ስለ ቤት ኪራዩ፣ ወይም ስላልመለስነው መልእክት ስናስብ ነበር። ታዲያ ያ የሰገደው ማነው?

ይህን ያነሳሁት ለፍልስፍና ያህል አይደለም። በቅርቡ ደብረ ብርሃን የሚማር አንድ ወንድማችን በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። ለሌሎችም ይጠቅማል ብዬ አስፈቅጄው መልእክቱን አካፍላችኋለሁ፦

«ኡስታዝ፣ ተክቢራ ባልኩ ቁጥር ስለ አላህ ለመናገር እንኳ የሚዘገንነኝ ሐሳብ ይመጣብኛል። ላባርረው ስሞክር ይብስበታል። ዉዱእ አራትና አምስት ጊዜ እደግማለሁ። የዶርሙ ልጆች እንዳያዩኝ ብዬ በዚያ ብርድ በሌሊት እየተነሳሁ እታጠባለሁ። ይህ ሐሳብ ከልቤ የሚወጣ ከሆነ እኔ ሙናፊቅ ነኝ ማለት ነው? ሶላቱን ብተወውስ አይሻልም? እባክዎ ይንገሩኝ።»

ወዲያው በአጭሩ መለስኩለት፦ ሶላትህን አትተው፤ ከኢስላም አልወጣህም። ለምን እንደዚያ እንዳልኩት ግን በአንድ መስመር የሚያልቅ አይደለም። መጀመሪያ በውስጣችን ስለሚሠራውና እኛ ስለማናየው አእምሮ መነጋገር አለብን።

እጅ የሚያውቀው፣ አፍ የማይነግረው

ከደብረ ብርሃን አንኮበር ደርሳችሁ ከደጋው አፋፍ ቁልቁል ስትወርዱ አልዩ አምባን ታገኛላችሁ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከታጁራና ከሐረር የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች የሚያርፉባት የሙስሊሞች የገበያ ከተማ ነበረች። የአካባቢው የአርጎባ ሕዝብ ከንግዱ ሌላ በሽመና ይታወቃል። ሥራውን የለመደ ሸማኔ ሲሠራ ቁጭ ብላችሁ እዩት። እግሩ ይረግጣል፤ እጁ መወርወሪያውን ወዲያና ወዲህ ይሰዳል፤ ማጉ ከድሩ ጋር ይያያዛል። እሱ ግን ከእናንተ ጋር ስለ ዝናቡ ያወራል። «አሁን የረገጥከው በቀኝህ ነው በግራህ?» ብላችሁ ብትጠይቁት ግን ያ ሁሉ ቅልጥፍና ለአፍታ ይደናቀፋል።

መድረሳ የቀራችሁም ይህን ታውቁታላችሁ። አንድን ሱራ በቃሉ የያዘ ልጅ እንደ ውኃ ያወርደዋል። መሐል ላይ አቁማችሁት «ቀጥሎ ያለው አያ ምንድነው?» ስትሉት ግን ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሶ ካልተነሳ አይመጣለትም። የአራት ዓመት ሕፃንም «ሰበረ» እና «ተሰበረ» የሚሉትን ሳያሳስት ይናገራል፤ ሕጉን ንገረኝ ብትሉት ግን የምትሉት አይገባውም። ያውቃል፤ ማወቁን ግን አያውቅም።

ይህን ቀድመው ካስተዋሉት መካከል በ965 እ.ኤ.አ. በበስራ የተወለዱት ኢብኑል ሀይሠም ይገኙበታል። ካይሮ ላይ በጻፉት «ኪታቡል መናዚር» እንዳስረዱት፣ ዓይናችን አንድን ነገር አይቶ ሲለይ አእምሯችን በውስጡ ያነጻጽራል፣ ይመዝናል፣ ይደመድማል። ይህ ሁሉ ከልምድ ብዛት በጣም ስለሚፈጥን ግን መደምደማችን አይታወቀንም፤ በቀጥታ ያየን ይመስለናል። ከስምንት መቶ ዓመታት በኋላ ጀርመናዊው ሄልምሆልትዝ ተመሳሳይ ሐሳብ ይዞ መጣ።

ሌላም እንጨምር። በ1953 እ.ኤ.አ. ሄንሪ ሞላይሰን የተባለ አሜሪካዊ ለሚጥል በሽታ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ከዚያ በኋላ አዲስ ነገር በትዝታው መያዝ አቃተው፤ አሁን ያገኘውን ሰው ጥቂት ቆይቶ ይረሳዋል። ብሬንዳ ሚልነር የተባለች ተመራማሪ እጁን በመስታወት ብቻ እያየ የኮከብ ቅርጽ እንዲስል በተከታታይ ቀናት አለማመደችው። ሥራውን ከዚህ በፊት መሥራቱን አያስታውስም፤ እጁ ግን ከቀን ወደ ቀን እየተሻሻለ ሄደ። እሱ የረሳውን እጁ አልረሳም ማለት ነው።

እንግዲህ አእምሯችን ከሚሠራው ውስጥ እኛ የምናየው ጥቂቱን ብቻ ነው። ይህን ሐቅ ይዘው በየማኅበራዊ ሚዲያው «ሳብኮንሸስህን እዘዘው፣ ሀብታም ትሆናለህ» የሚሉትን ግን ተጠንቀቁ። ሸማኔው እጁን ያሠለጠነው በዓመታት ልፋት እንጂ በመመኘት አይደለም።

ከምስጢር የረቀቀው

አሁን ወደ ቁርኣን እንመለስ። በሱረቱ ጣሃ 7ኛው አያ ላይ አላህ (ሱ.ወ) ምስጢርን ብቻ ሳይሆን ከምስጢር ይበልጥ የተሰወረውንም እንደሚያውቅ ነግሮናል። ምስጢር ከሰው የምንደብቀው ነገር ነው። ከዚያ የባሰ ስውር ምን ሊኖር ይችላል? ከኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) በተላለፈው ተፍሲር ምስጢር የአደም ልጅ በውስጡ የሚሸሽገው ነው፤ ከምስጢር የረቀቀው ደግሞ ገና ሳያደርገውና ሳያውቀው ከራሱም የተሰወረበት ነው።

ሱብሓነላህ! ከእኛ ለእኛ የተደበቀ ነገር አለ፤ ለጌታችን ግን ግልጽ ነው።

«እሺ፣ የሚሰወርብን ይህ ከሆነ፣ የሚያውቀው ‹እኔ›ስ ምንድነው?» ትሉ ይሆናል። ኢብኑ ሲና (980–1037 እ.ኤ.አ.) አንድ ሰው በባዶ አየር ላይ ተንሳፎ ምንም ሳያይ፣ ሳይሰማ፣ ገላውንም ሳይዳስስ በአንድ ጊዜ ቢፈጠር ብላችሁ አስቡ ይላሉ። እጅ ይኑረው እግር አያውቅም፤ መኖሩን ግን ያውቃል። በዘመናችን ደግሞ ፈላስፋው ዴቪድ ቻልመርስ በ1995 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ አንጎል እንዴት እንደሚሠራ ብናውቅ እንኳ ያ ሥራ ለምን ከውስጥ «መሰማት» እንዳለው ማስረዳት ከሁሉ የከበደው ጥያቄ እንደሆነ አሳይቷል። ክርክሩ ዛሬም አላለቀም። ሱረቱል ኢስራእ 85ኛው አያ ስለ ሩሕ ሲጠየቅ ጉዳዩ የጌታ እንደሆነና ለእኛ የተሰጠን ዕውቀት ጥቂት መሆኑን ያስታውሰናል። ይህ መመርመርን አይከለክልም፤ መርምረን ስናበቃ ልካችንን እንድናውቅ ያስተምረናል።

የምንጠየቀው በየትኛው ነው?

ወደ ወንድማችን ጥያቄ ደረስን። በውስጣችን ሳናዝዘው የሚሠራ አእምሮ ካለ፣ ሳንጠራው የሚመጣ ሐሳብ መኖሩም አይደንቅም። ታዲያ አላህ በእሱ ይይዘናል?

ኢማሙል ገዛሊ (በ505 ሂጅሪ ያረፉት) «ኢሕያእ ዑሉሚዲን» በተባለው ኪታባቸው፣ ስለ ቀልብ አስደናቂነት በጻፉበት ክፍል፣ ከሥራ በፊት ያሉትን ደረጃዎች በአራት ከፍለዋቸዋል። የመጀመሪያው ብልጭ ብሎ የሚመጣ ሐሳብ ነው፤ ኻጢር ይባላል። ሁለተኛው የነፍስ ዝንባሌ ነው። ሦስተኛው «ይህ መደረግ አለበት» ብሎ ቀልብ የሚፈርደው ፍርድ ነው። አራተኛው ቁርጥ ውሳኔ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አንጠየቅም፤ በእጃችን አይደሉምና። በሦስተኛው ፈልገን እንደሆነ እንጂ ተገደን ከሆነ አንያዝም። በአራተኛው እንጠየቃለን፤ ለአላህ ብለን ከተውነው ግን መልካም ሥራ ሆኖ ይጻፍልናል።

ይህ ከሐዲሥ የተቀዳ ነው። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት፣ አላህ ለዚህ ኡመት ነፍሷ የምታወራውን፣ እስካልተናገረችው ወይም እስካልሠራችበት ድረስ፣ ይቅር ብሏል። ሙስሊም በዘገቡት ደግሞ ሶሐቦች ወደ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥተው ለመናገር እጅግ የሚከብዳቸው ነገር በውስጣቸው እንደሚያገኙ ነገሯቸው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) አልተቆጧቸውም፤ ያን መክበዱን ግልጽ ኢማን ብለው ጠሩት።

ወንድሜ፣ አስተውል። ሶሐቦች የተጨነቁበት ነገር ነው ያስጨነቀህ። ሐሳቡ ሲመጣ አንተ አልጠራኸውም። መዘግነንህ ግን ያንተ ነው፤ ኢማንህ ያለውም እዚያ ላይ ነው። ሙናፊቅ የሆነ ሰው በሌሊት ተነስቶ በብርድ ውኃ አያለቅስም።

«ላባርረው ስሞክር ይብስበታል» ላልከው ደግሞ ምክንያት አለው። ዳንኤል ዌግነር የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1987 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ሰዎችን «ስለ ነጭ ድብ አታስቡ» ብሎ አዘዛቸው፤ ድቡ ግን እየደጋገመ መጣባቸው። እናንተም ለአንድ ደቂቃ ስለ አንኮበር ጭላዳ ዝንጀሮ ላለማሰብ ሞክሩ! ስለዚህ ከወስዋስ ጋር አትታገል፤ አትከራከረውም። አዑዙ ቢላህ ብለህ ወደ ሶላትህ ተመለስ። ዉዱእህንም አንዴ ከታጠብክ በቃህ፤ በፊቅህ እርግጠኛ የሆነ ነገር በጥርጣሬ አይፈርስም።

ይህም ሆኖ ካልለቀቀህ፣ እንቅልፍህን፣ ትምህርትህን፣ ሶላትህን ከነጠቀህ፣ ሐኪሞች ኦሲዲ የሚሉት ሕመም ሊሆን ይችላል። በምክክርና በመድኃኒት ይታከማል። «አማኑኤል ገባ ይሉኛል» ብሎ መፍራት ብዙዎችን በየክፍላቸው አስቀርቷል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ታከሙ ብለውናል፤ የአእምሮ ሕመም ከዚህ የተለየ አይደለም። ሐኪም ጋር መሄድ የኢማን ማነስ አይደለም፤ ሩቅያህንና ዱዓህንም አያስተውህም።

«ሳላውቀው ነው» የማያድንበት ቦታ

አንዳንዱ ግን ይህን ሰምቶ «እንግዲህ እኔ ምን ላድርግ፣ ሳላውቀው ነው» ሊል ይችላል። እዚህ ላይ ቆም እንበል። የሸማኔው እጅ ዛሬ ሳያስብ ይሠራል፤ ያ ልምድ የተገነባው ግን ድሮ እያሰበ በወረወረው እያንዳንዱ ውርወራ ነው። ዛሬ ሳታውቁት ስልክ የሚከፍተው አውራ ጣታችሁም ልምዱን ያገኘው በመረጣችኋቸው ቀናት ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ደግሞ ይህ ነው። ባለፉት ዓመታት በአካባቢያችን ብዙ ደም ፈሷል፤ ብዙ ቤተሰብ ተፈናቅሏል። ከዚያ ወዲህ የአንድን ሰው ስም፣ አነጋገር ወይም የትውልድ ቦታ ስንሰማ፣ ሰውየው ሰላምታ ሳይሰጠን ቀልባችን ፈርዶበት ያድራል። ኢብኑል ሀይሠም እንዳሉት ፍርዱ ስለሚፈጥን «አየሁት» እንላለን እንጂ «ፈረድኩበት» አንልም። ብልጭታው ኻጢር ነው፤ አንጠየቅበትም። ብልጭታውን ተቀብለን በኮሜንት ስንጽፈው፣ ለሌላው ሼር ስናደርገው፣ ቤት ስንከለክለው ግን የእኛ ሥራ ሆኗል። ሱረቱል ሑጁራት 12ኛው አያ ከብዙ ጥርጣሬ እንድንርቅ ያዘዘን ለዚህ ነው።

ለዚህ ሳምንት

ሦስት ነገር ያዙ። አንደኛ፣ ከተክቢራ በፊት ትንፋሽ ወስዳችሁ «የምቆመው ማን ፊት ነው?» በሉ፤ በየጊዜው ከምትደጋግሟት ሱራ ሌላም ትርጉሟን እያያችሁ ቅሩ። ለምላስ አዲስ የሆነ ነገር ቀልብን ይቀሰቅሳል። ሁለተኛ፣ ሰው ላይ ሳትፈርዱ «ይህን ዐይቻለሁ ወይስ ገምቻለሁ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ሦስተኛ፣ ከመተኛታችሁ በፊት ቀኑን ለአምስት ደቂቃ ተሳሰቡት። እንቅልፍ ቀላል ነገር አይደለም፤ በሱረቱ ዙመር 42ኛው አያ አላህ ነፍሶችን በሞት ጊዜም በእንቅልፍ ጊዜም እንደሚወስድ፣ ሞት የተፈረደባትን አስቀርቶ ሌላዋን እስከ ቀጠሮዋ እንደሚለቃት ተገልጿል።

ዛሬ ሱረቱል ካህፍን ስትቀሩ ደግሞ ዋሻው ውስጥ ያሉትን ወጣቶች አስቡ። 300 ዓመት ተኝተው 9 ጨመሩ፤ ሲነቁ ግን የቆዩት አንድ ቀን ወይም የቀን ከፊል መሰላቸው። 18ኛው አያ ላይ ደግሞ የሚያያቸው ሰው ነቅተዋል ብሎ እንደሚያስብ፣ እነሱ ግን የተኙ እንደነበሩ ተነግሮናል። እነሱን ያስተኛቸው አላህ ነው፤ በክብርም ቀሰቀሳቸው። እኛ ግን ዓይናችን ተከፍቶ፣ ቆመን፣ ሰግደን፣ ነቅተናል ተብለን የተኛን እንዳንሆን።

ያ አላህ፣ ከእኛ የተሰወረውን እኛነታችንን አንተ ታውቀዋለህና አስተካክልልን። በወስዋስ የተጨነቁትን አረጋጋቸው፤ የታመሙትን አሽራቸው። አሚን። በነብያችን ላይ ሶለዋት ማብዛትን አትርሱ።

ወላሁ አዕለም። ጁሙዓ ሙባረክ!