«አለ» እና «ሊኖር ይችላል»

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ፕሮስቴት በወንዶች ፊኛ ሥር የሚገኝ ዕጢ ነው። ፒ.ኤስ.ኤ. የተባለ ፕሮቲን ያመነጫል፤ ጥቂቱም ወደ ደም ይገባል። ዕድሜ ሲገፋ ዕጢው ስለሚያድግ የፕሮቲኑ መጠን ይጨምራል። በ1993 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣ ጥናት፣ በአንድ ሚሊ ሊትር ደም የሚጠበቀውን ከፍተኛ መጠን በናኖግራም እንዲህ ወሰነ፦

ከ40–49 ዓመት፦ 2.5
ከ50–59 ዓመት፦ 3.5
ከ60–69 ዓመት፦ 4.5
ከ70–79 ዓመት፦ 6.5

ስለዚህ 4 ናኖግራም ለ45 ዓመት ጐልማሳ ከወሰን ያለፈ ሲሆን፣ ለ72 ዓመት አዛውንት ግን አላለፈም። ደግሞም ዕጢው ሲቆጣ፣ ካንሰር ሳይኖር መጠኑ ከፍ ይላል፤ ካንሰር እያለም ዝቅ ሊል ይችላል።

አሁን እነዚህን ዐረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ።

ሀ. አባትህ ካንሰር አለባቸው።
ለ. አባትህ ካንሰር ሊኖርባቸው ይችላል።

«ሀ» ፍርድ ነው፤ «ለ» ግን ጥርጣሬን ገልጦ ለተጨማሪ ምርመራ በር ይከፍታል። ከደም ምርመራው ብቻ ተነሥቶ «ሀ»ን የሚናገር ሰው ቤተሰብን ያለ ማስረጃ ያስደነግጣል።

መልመጃ፦ የ65 ዓመት አያት ውጤታቸው 5 ሆነ። ለልጆቻቸው የሚነገረውን በአንድ አንቀጽ ጻፉ፤ ከማስረጃው አትለፉ፤ ሐኪም ማማከር እንደሚያስፈልግም አትርሱ።