ስኑስ ለሚጠቀሙ፦ ቶምባክ ከመሞከርዎ በፊት

ስኑስ ከላይኛው ከንፈር ስር የሚቀመጥ የስዊድን ትምባሆ ነው። ቶምባክ ደግሞ የሱዳን ትምባሆ ሲሆን፣ አሜሪካ ውስጥ በቀላሉ አይገኝም። ሰው ቢያመጣልዎት እንኳ ሁለቱን እንደ አንድ አይቁጠሩ።

ልዩነቱ ምንድን ነው?
• ቶምባክ ብዙ ኒኮቲን ካለው የትምባሆ ዓይነት ይዘጋጃል። የሚጨመርበት ሶዳ ኒኮቲኑን ቶሎ ወደ ደም ያስገባዋል።
• ካንሰር አምጪ ኬሚካሎቹ ከስኑስ እጅግ ይበልጣሉ።

ስኑስስ?
ስኑስም ሱስ ያስይዛል። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ሁለቱንም አይጠቀሙ።

ምን ያድርጉ?
• በአፍዎ ውስጥ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ቁስል ወይም ነጭ ምልክት ካለ ሐኪም ያሳዩ።
• ልጅ ትምባሆ ከዋጠ ወዲያውኑ ወደ 1-800-222-1222 ይደውሉ።
• ለማቆም እርዳታ ከፈለጉ ወደ 1-800-784-8669 ይደውሉ። ነጻ ነው፤ አስተርጓሚ ይጠይቁ።