የቡችላ መውጫ በርና ውሻን ውጭ መጸዳዳት ማስለመድ

በጎንደር ከተማ ትንሽ ውሻ ብዙውን ጊዜ የሚያድረው ከሰው ጋር ቤት ውስጥ ነው፤ ሌባ ሲመጣ እንዲጮኽ ይፈለጋል። በዳባት፣ በደባርቅና በጃናሞራ ደጋም ብርዱ ስለሚጠና ቡችላ ውጭ ማሳደር ያሳዝናል፤ ስለዚህ ማታ ማታ ይገባል። ቡችላው ከገባ በኋላ በመደቡ ሥር፣ በእህሉ ማስቀመጫ አጠገብ፣ ሕፃን በሚድኽበት ወለል ላይ ይጸዳዳል። ባለቤቱ በዱላ ይመታዋል፤ ቡችላውም የሚማረው ተደብቆ መጸዳዳትን ነው።

እኛ የሰብል ሰዎች ስለ ውሻ መጻፋችን እንግዳ ሊመስል ይችላል። ወደዚህ ጉዳይ ያመጣን የጓሮ አትክልትና በግ ነው። በውሻ አንጀት ውስጥ የሚኖሩ የኮሶ ትሎች አሉ። እንቁላላቸው ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር ወጥቶ ሣር ላይ ሲወድቅ በግ ይግጠዋል፤ ሰላጣ ላይ ሲወድቅ ሰው ሳያበስል ይበላዋል፤ ከውሻው ፀጉርም በልጅ እጅ ወደ አፍ ይገባል። አንደኛው ዓይነት በበጉ አንጎል ውስጥ የውኃ ቋጠሮ ሠርቶ ገበሬው «አዙሪት» የሚለውን በሽታ ያስከትላል፤ በጉ አንገቱን አዘንብሎ በአንድ ወገን ይዞራል፣ ከመንጋው ይለያል፣ ይከሳል፣ ይሞታል። ሌላው ዓይነት በበግ፣ በከብትና በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ቋጠሮ ያበጃል። የእነዚህ ትሎች እንቁላል ቀዝቃዛና እርጥብ በሆነ መሬት ላይ ለወራት ሳይሞት ይቆያል፤ ደጋው ደግሞ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው። በግ የሚያደልብ ማኅበር የውሻን ዓይነ ምድር እንደ ቤት ውስጥ ጉዳይ ብቻ ሊመለከተው አይገባም።

በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከተቋቋመበት ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ ስለ ሰው መጸዳጃ ጉድጓድ ብዙ ተምረናል። የውሻው ግን ይረሳል። ውሻ በአንድ ቦታ መጸዳዳትን በቀላሉ ይለምዳል፤ ለዚህም በቤቱ በር ወይም በጭቃው ግድግዳ ግርጌ የምትከፈት ትንሽ መውጫ ትረዳለች።

መውጫዋ በሙሉ ውሻ ልክ ትሠራለች፤ በቡችላው ልክ ከተቆረጠች በጥቂት ወር ውስጥ ትጠብበታለች። የእናቱን ወይም የመሰሉን ውሻ ትከሻ ስፋትና ከደረት እስከ ጀርባ ያለውን ቁመት ለክቶ በሁለቱም ላይ 5 ሳንቲ ሜትር መጨመር ይበቃል። የታችኛው ጠርዝ ከመሬት 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ቢል ጎርፍና አቧራ አይገባም፤ ቡችላው ትንሽ እስከሆነ ድረስ በሁለቱም በኩል ጠፍጣፋ ድንጋይ ይደረግለታል። ለመጋረጃ የአሮጌ ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ ወይም ወፍራም ቆዳ ይሆናል፤ ከላይ በሚስማር ተመትቶ ከታች ቀጭን እንጨት ቢሰፋበት ነፋስ አያነሣውም። ለሌሊት ከውስጥ በኩል መወርወሪያ ያለው ሳንቃ የግድ ያስፈልጋል። ጅብ ባለበት አገር ክፍት አድሮ የሚቀር ቀዳዳ አይሠራም፤ ዶሮ ያለው ሰው ስለ ሸለምጥማጥም ያስብ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በሩ በራሱ አያስተምርም። ብዙ ሰው ቀዳዳውን ከፍቶ ቡችላውን ይተወዋል፤ ቡችላው ወጥቶ ዶሮ ሲያባርር፣ ቅጠል ሲያኝክ ቆይቶ የወጣበትን ጉዳይ ረስቶ ይመለሳል፣ ቤት ገብቶም ይጸዳዳል። አስቀድሞ ቦታውን ማስለመድ፣ በሩን ማሳየት ከዚያ በኋላ ነው።

ቡችላ ከእንቅልፉ ሲነቃ፣ ከበላ በኋላ እስከ ግማሽ ሰዓት ባለው ጊዜ፣ እንዲሁም ከጨዋታ በኋላ መጸዳዳት ይፈልጋል። የሁለት ወር ቡችላ በቀን ከሦስት ሰዓት በላይ ይቋጥራል ተብሎ አይጠበቅም። በእነዚህ ጊዜያት ወደ ተመረጠው ቦታ ይወሰድና ሰው አጠገቡ ቆሞ ይጠብቀዋል። እንደ ጨረሰ ወዲያው ይወደሳል፣ ቁራሽ እንጀራ ይሰጠዋል፤ ቤት ከገባ በኋላ ቢሰጠው ግን ለመግባቱ የተሰጠው ይመስለዋል። ቤት ውስጥ ካበላሸ አፍንጫውን ማስነካትም ሆነ መምታት አይጠቅምም። በአፈር ወለል ላይ ከሆነ የረጠበው አፈር ተዝቆ ወደ ተመረጠው ቦታ ይወሰዳል፤ ሽታው ቡችላውን ወደዚያው ይመራዋል፣ በወለሉ ላይም አዲስ አፈር ይደለደላል። ሲሚንቶ ከሆነ በሳሙናና በውኃ፣ ቀጥሎም በኮምጣጤ ይታጠባል።

ቦታውን ሲለምድ መውጫዋ መጋረጃ ሳይኖራት ይጀመራል። አንድ ሰው በውስጥ፣ ሌላው በውጭ ሆነው እየተቀባበሉ ይጠሩታል። ከዚያ መጋረጃው እስከ ግማሽ ተጠቅልሎ፣ በመጨረሻም ሙሉ በሙሉ ይለቀቃል። ገፍቶ ማሳለፍ ክልክል ነው፤ አንድ ጊዜ የፈራ ቡችላ ብዙ ቀን ያደክማል። በየደረጃው ለጥቂት ቀን መታገሥ ያሻል። በሐምሌና በነሐሴ ቡችላ ዝናብ ውስጥ መውጣት አይወድም፤ ከመውጫዋ አጠገብ የሣር ዳስ ብናደርግለት ለምዶት የነበረው አይፈርስም።

የመጸዳጃው ቦታ ከውኃ ጉድጓድና ከአትክልት መደብ ርቆ፣ ከእነርሱ በታች ባለው ቁልቁለት ይሁን። ዓይነ ምድሩ በየቀኑ በአካፋ ተለቅሞ በጥልቅ ይቀበራል። እዚህ ላይ የልማት ሠራተኞች ይጠንቀቁ፤ ፍግ ሰብስቡ፣ ኮምፖስት አዘጋጁ ብለን የምናስተምር እኛው ስለሆንን ገበሬው የውሻውንም ቢጨምር አይፈረድበትም። የከብት፣ የበግና የዶሮ ፍግ ይግባ፤ የውሻ ግን ወደ ኮምፖስቱ አይግባ።

ውሻው ትሉን የሚያገኘው ቋጠሮ ያለበትን ጥሬ ጉበት፣ ሳንባና የበግ ጭንቅላት ሲበላ ነው። ለበዓል ሲታረድ ይህ ይቀበር ወይም ይቃጠል። ለትሉ ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለ፤ መጠኑን የእንስሳት ሐኪም በውሻው ክብደት ይወስናል። መድኃኒቱ በተሰጠ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት መውጫዋ ተዘግታ ውሻው በመጸዳጃው አጠገብ ይታሰር፤ የሚወጣው ሁሉ ይቃጠል። የማኅበሩ አባላት ውሾቻቸውን በአንድ ቀን ቢያስታክሙ ይሻላል፤ የአንዱ ውሻ ብቻ ቢታከም የጎረቤቱ ሣሩን መልሶ ይበክለዋል።

መውጫዋ ወደ ታጠረ ግቢ እንጂ ወደ መንገድ አትከፈትም። የሚዞር ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ይዞ ሊመጣ ይችላል። በ1962 ዓ.ም. በተከለለው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አዋሳኝ ቀበሌዎች ደግሞ በሽታው ወደ ቀይ ቀበሮም ይተላለፋል፤ በባሌ ተራሮች በ1996 ዓ.ም. ብዙ ቀይ ቀበሮ የጨረሰው ይኸው ነው። ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው ይከተብ፤ ክትባቱም ሐኪሙ በሚያዘው ጊዜ ይደገም። እስኪከተብ ድረስ ግን አጥሩ ሥር ያለው ቀዳዳ ሁሉ በድንጋይ ይደፈን፤ ቡችላ እኛ ከሠራንለት በር ይልቅ ራሱ የቆፈረውን ይመርጣልና።